ጭላዳ በክሬም

የልደት በዓል የሚባል ዕዳ ቤታችን የገባው የልጅ ልጄ ኬክ ማስጌጥ ከጀመረች ወዲህ ነው። እኛ ደረስጌ ስንወለድ ቀኑን የሚይዝልን ታቦት ነበር። እናቴ «የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው የተወለድከው» ትለኛለች፤ ዓመቱን ስጠይቃት «ጣሊያን ከወጣ በኋላ» ብላ ወደ ሥራዋ። መታወቂያ ሲወጣልኝ ጸሐፊው ሳያቅማማ መስከረም 1 ብሎ ሞላው። በመታወቂያ ከሄድን የሰፈራችን ሽማግሌ ሁሉ የተወለደው እንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ልጅቷ ይህን እያወቀች የቁጥር ሻማ ልትገዛ ተነሣችና «አባባ፣ ስንት ቁጥር ላምጣልዎ?» አለችኝ። «የረከሰውን» አልኳት።

ለመሆኑ አሁን የምንኖርበት ደባርቅ ኬክ የሚሠራበት አገር ነው? ከተማው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 90 ገደማ ላይ ይፈላል። ልጅቷ ግን የምትማረው በስልኳ፣ ባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ፈረንጆች ነው። እነሱ በሰፈሩት ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ስትጨምር፣ ከላይ ደህና አድርጎ የሚጫነው አየር ስለሌለ ሊጡ ሽቅብ ይነፋል፤ ከዚያ ውስጡ ሳይጠና መሐሉ ዘጭ ይላል። ፓውደሩን ቀነስ፣ ወተቱን ጨመር ማድረግ እንዳለባት እስክትደርስበት ድረስ ስንት እንቁላል አለቀ! የእንቁላልን ዋጋ ደግሞ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ዘጭ ያለውን ጉድጓድ በክሬም ደልድላ ትሸፍነዋለች። በዚህ ዘመን ክሬም የማይሸፍነው ገመና የለም።

መብራት የሄደ ዕለት ሌላ ጉድ ነው። ቤተሰቡ ተሰልፎ እንቁላል በሹካ ይመታል፤ እኔም በተራዬ። ኬኩ በድስት ሆኖ ከሰል ላይ ይጣዳል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ባለቤቴ ይህን አይታ «ከታችም ከላይም እሳት! ይኼማ የእኔ ድፎ ነው» አለች። ማን ሰምቷት።

ማስጌጡ ላይ ስትደርስ በቤቱ ውስጥ መሳቅም ማስነጠስም ክልክል ነው። ክሬሙን ፌስታል ውስጥ ትሞላና ጫፉን በመቀስ ትቆርጣለች፤ በቀዳዳው ጥርስ ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ታሾልካለች። ትንፋሿን ውጣ ጨመቅ፣ ጠምዘዝ፣ ቀጨት ስታደርገው ጽጌረዳ ይሆናል። የቆላ ሰዎች ክሬማችን ቀለጠ እያሉ ያማርራሉ አሉ። እኛ ጋ ማቅለጡ ነው ጣጣው! የደባርቅ ሰው ለክሬም ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ማታ መስኮቱን መክፈት ነው።

ቆይ፣ ኬክ ኬክ ቢመስል ምን ነበረበት? የጎረቤት ልጅ የማንቼስተር ማልያ ይሁንልኝ አለ፤ ሆነለት። ለምሩቅ መጽሐፍ፣ ለሙሽራ መሶብና ጀበና ተሠራ። ቀጥሎ ዋልያ መጣ። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ፓርኩንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስካውቱ አንዲት ዋልያ እንዳትነካ ብርድ ላይ ያድራል፤ እኛ ቤት ልጆቹ ቀንዷን ገንጥለው ይልሳሉ። ጭላዳም አልቀረ፤ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ሳትቀር በምግብ ቀለም ተሣለች። እርግጥ ጭላዳ ዕድሜ ልካችንን ገብሳችንን ሲበላ ኖሯል፤ እኛ አንድ ቀን ብንበላው ፍርድ አልተጓደለም።

ልደቱ ሁዳዴ ላይ የዋለ እንደሆነ ደግሞ የጾም ኬክ የሚባል አለ። እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ በዘይትና በለስላሳ ይነሣል። 55 ቀን ሥጋና ወተት ተዉ የተባልነው አምሮታችንን እንድንገታ ነበር፤ አሁን አምሮቱ ራሱ ጾመኛ ሆኖ ቀረበ።

ሻማውስ! ልደትን በኬክና በሻማ ማክበር ከጀርመን የመጣ ነው ይላሉ። ጀርመን ለስሜን እንግዳ አይደለም፤ በስሜኑ ገዥ በደጃች ውቤ ዘመን ሺምፐር የሚባለው እዚሁ ተራራችን ላይ ዕፅዋት እየለቀመ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ያ ሰው ቅጠል ወሰደ እንጂ ሻማ አልሰካብንም። እኛ ጧፍ የምናበራው እንዲበራ ነው። እነዚህ ለኩሰው ወዲያው እፍ ይላሉ። የአራት ዓመት ልጅ እፍ ሲል ደግሞ ከትንፋሹ ምራቁ ይቀድማል፤ ያንን ነው «ይብሉ እንጂ» እየተባልኩ የምለመነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቢላውን ነው። ደጃች ውቤ ሊነግሡበት ደረስጌ ማርያምን አሳምረው አሠሩ፤ የካቲት 1847 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ ሲገለበጥባቸው አቡነ ሰላማ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የቀቡት ቴዎድሮስን ሆነ። የደገሰ ሌላ፣ የነገሠ ሌላ! የእኔም ነገር እንደዚያው ነው። ድፎው ከነኮባው ሲቀርብ ተነሥቶ የሚመርቀው፣ ባርኮ የሚቆርሰው ሽማግሌ ነው። እኔ ያን ተራ ስጠብቅ ጸጉሬ ሸበተ፤ ተራዬ ሲደርስ ቢላው ለአራት ዓመት ልጅ ተሰጠ። ያውም የወረቀት ዘውድ ደፍቶ! እኔ ጥግ ይዤ በስልክ እንድቀርጽ ታዘዝኩ። ልመርቅ አፌን ስከፍት «አባባ፣ ፎቶው ገና ነው!» ይሉኛል። ፎቶው እስኪያልቅ ምርቃቱ ይጠፋኛል።

ባለፈው ጥር ልጅቷ ልታባብለኝ ብላ ድፎ ዳቦ የሚመስል ኬክ ሠራችልኝ፤ ኮባው ሳይቀር ከስኳር። «ድፎ ማስመሰል ከቻልሽ ራሱን ድፎውን ለምን አትጋግሪም?» ብላት «አባባ፣ ድፎማ ማንም ይጋግራል» አለችኝ። ጣፍጧል፤ እሱ ግን ለክርክሩ አይገባም።

እንግዲህ ቁርጡን ተናግሬያለሁ። ፎቶ አንሡ፣ ሻማውንም እፍ በሉ። ነገር ግን ጭላዳም ይሁን ዋልያ፣ ተመርቆ «አሜን» ሳይባል የሚቆረስ ኬክ ከእንግዲህ በእኔ ቤት አይኖርም። ለማንቼስተሩማ ምርቃቱን ረዘም አደርገዋለሁ፤ ያስፈልገዋል።