በጀበና ተከሰስኩ

በ74 ዓመቴ ጀበና በማለቅለቄ ተከሰስኩ። ደርግን ያለ አንድ ቀን እስር ያለፍኩ ሰውዬ!

ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምግብ ቤት አላት። የእኔ ሥራ እዚያ ጥግ ይዞ ማጉረምረም ነው። ደመወዝ የለውም፤ ላይሰንስም አይጠየቅበትም። በዚያ ቤት ላይሰንስ የማይጠየቅበት ሥራ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን የቡናውን አተላ ልደፋ ቅርብ ወዳለው ሲንክ ሄድኩ። ጀበናዋን አለቅልቄ ቀና ስል አንዲት ቀጠን ያለች የጤና ተቆጣጣሪ፣ ባጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ታብሌቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ቀጠሮ የሚባል ነገር እኮ የላቸውም፤ እንደ ሞት ሳያስጠሩ ነው የሚገቡት። እኔን አየች፣ ጀበናዋን አየች፣ ጻፈች።

"ምን አለች?" አልኳት ልጄን። እንግሊዝኛ ሲከፋኝ አይገባኝም።

"አባዬ፣ ይሄ ሲንክ ለእጅ ብቻ ነው።"

ሲንኮቹን ቆጠርኳቸው። ለዕቃ ብቻ ሦስት አለ፤ አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ፣ አንዱ የጀርም መግደያ የተበጠበጠበት። አትክልት የሚታጠብበት ሌላ። የወለል መወልወያ ውሃ የሚደፋበት ሌላ። ከዚያ ይሄ የእጁ። እኛ ያደግነው በአንድ እንስራ ነው፤ ለወጥም፣ ለፊትም፣ ለእንግዳ እግርም የሚቀዳው ከዚያው። እርግጥ እንስራውን ከምንጭ አዝላ የምትመጣው እናቴ ነበረች፤ የእሷን ሐሳብ የጠየቀ የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቅቤው ነው። ባለቤቴ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹን ጨምራ ስታነጥር ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ምግብ ቤቱ ግን ድርሽ አይልም፤ መኖሪያ ቤት የተሠራ ምግብ ለደንበኛ አይቀርብማ! ያንኑ ቅቤ፣ በዚያችው እጇ፣ ሄዳ የምግብ ቤቱ ምድጃ ላይ ስታነጥረው ይጸድቃል። ምድጃው ክህነት አለው እንበል?

ስለ እጅ ካነሳን ደግሞ፣ ለመበላት የተዘጋጀ ነገር በባዶ እጅ አይነካም። ስለዚህ እንጀራው እንደ ኦፕራሲዮን ሕመምተኛ በጓንት ከምጣድ ይነሳል፣ በጓንት ይጠቀለላል፣ በጓንት ትሪ ላይ ይዘረጋል። ጠረጴዛ ሲደርስ አራት ሰው ይከበውና 20 ጣት ይዘምትበታል። ከዚያ ጉርሻ ይከተላል። ስለ ጉርሻ እስካሁን የተናገሩት ነገር የለም፤ አልሰሙ ይሆናል። እናንተም እንዳትነግሯቸው።

ወጡስ! ዶሮ ወጥ አድሮ ነው የሚጣፍጠው፤ በእኛ ቤት ክዳኑን ደፍቶ ምድጃው ላይ ያድር ነበር። እዚህ ወጥ የሚበርደው በሰዓት ነው። ከ135 ዲግሪ ፋራናይት ተነስቶ በ2 ሰዓት ውስጥ 70፣ ከዚያ በ4 ሰዓት 41 ካልገባ ጣጣ ነው። ትልቅ ድስት መሐሉ ቶሎ አይበርድም፤ ጀርሙ የሚራባውም እዚያ ለብ ያለው ቦታ ነው አሉ። እናም ልጄ ወጡን ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጣ፣ ከሥሩ በረዶ አድርጋ፣ ቴርሞሜትር እየሰካች ታስታምመዋለች። የራሷ ልጆች ሲያተኩሳቸው እንኳ ግንባራቸውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ነው የምታልፈው።

ክትፎ ላይ ሲደርሱ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። የተፈጨ ሥጋ 155 ዲግሪ ካልበሰለ ሜኑው ላይ ኮከብ ይለጠፍበትና፣ ጥሬ ሥጋ ለሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል ከሥር ይጻፋል። ለክትፎ ኮከብ! ጄኔራል ነው እንዴ? ጥሬ አምሮት፣ ጥሬ አዝዞ፣ ጥሬ ሊበላ የመጣን ሰው ጥሬ ነው ብሎ ማስጠንቀቅ ምን ይባላል?

ይሄን እራት ላይ ስፎክር የልጅ ልጄ፣ ኮሌጅ ገብታ ባዮሎጂ የምትማረው፣ ከስልኳ ቀና ሳትል "አባባ፣ ድሮ ኮሶ የምትጠጡት ለምን ነበር?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። አባቴ በየ2 ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ልጅ አይጠጋውም፣ ከጓሮም አይርቅም። ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ግድግዳ ይዞ ይገባል። በሳምንቱ ቢላውን ይስልና ጥሬ ሥጋው ላይ ይቀመጣል። ለካስ የእኛ ማስጠንቀቂያ ከበላን በኋላ ነበር የሚመጣው። ለልጅቷ ግን ይሄን አልነገርኳትም። "ሥጋው ቀዘቀዘ፣ ብይ" ብያት አለፍኩ።

በማግስቱ ምግብ ቤት ስደርስ፣ ሠራተኞች እጃቸውን እንዲታጠቡ ከሚያዘው የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ሥር አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል፦ "ለእጅ ብቻ! አባዬ፣ ጀበና እጀታ እንጂ እጅ የለውም።"

እንግሊዝኛ አይገባኝም የምልበትም በር ተዘጋ።