የሜኑ ርዝመትና የሚበላው ነገር፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ጨነቅ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው የት ይብላ፣ የት ይጠጣ? ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ዋልያው፣ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ገደሉ ያልተባለ የለም። የምሳው ጉዳይ ግን ባለቤት አጥቶ ቆይቷል።

ናሙናው ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነስቶ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በመራዊና በባሕር ዳር አድርጎ፣ ጎንደርን አልፎ ደባርቅ በሚገባው መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ናቸው። ዘዴው ቁጭ ብሎ «ምን አለ?» ማለት ነው። ፈቃድ የተጠየቀው ከሆድ ሲሆን ሳይውል ሳያድር ተሰጥቷል።

ከተሰበሰበው መረጃ ለናሙና ያህል የሚከተለው ቀርቧል። ቦታው በላስቲክ የታሸገ ባለ ስድስት ገጽ ሜኑ ያለው ቤት ነው።

«እህቴ፣ ቅቅል አለ?»
«አልቋል።»
«ዱለትስ?»
«ጠዋት ነበር።»
«ስፓጌቲ?»
«ልጠይቅልህ።» (ሄዳ አልተመለሰችም። በኋላ ለሌላ ጠረጴዛ ቢራ ስታወርድ ተገኘች።)
«ታዲያ ምን አለ?»
«ሽሮ።»

ከዚህ የተገኘው ሕግ፦ የሜኑ ገጽ በበዛ ቁጥር ወደ ሽሮ የሚወስደው መንገድ ይረዝማል እንጂ መድረሻው አይለወጥም። ረቡዕና ዓርብ መንገዱ ያጥራል፤ የፍስኩ ገጽ ሳይገለጥ ስለሚታለፍ ተመጋቢው በቀጥታ በያይነቱ ላይ ያርፋል። በዐቢይ ጾም ሜኑ ማተም በአጥኚው አስተያየት የወረቀት ብክነት ነው።

በተቃራኒው ጠላ ቤት ሜኑ የለውም። በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አለ፤ ይኸው ነው። ጣሳው ካለ ጠላው አለ፣ ካለቀ ጣሳው ይወርዳል። በዚህ ተቋም «ልጠይቅልህ» የሚባል መልስ አልተመዘገበም። ቆሎ ደግሞ ሳይታዘዝ መጥቷል። በመራዊ ዙሪያ፣ በሜጫ የዳጉሳ አረቄ ላይ የተካሄደው ንዑስ ጥናት ማስታወሻው ሊነበብ ስላልቻለ ከዚህ ቀርቷል።

ከደባርቅ በላይ ጉዳዩ ከአስተናጋጅ እጅ ወጥቶ ወደ ፊዚክስ ይገባል። መራዊ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። 3,600 ሜትር አካባቢ ባለው የፓርኩ ካምፕ በጨነቅ ግን በ88 ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ባቄላው አይሰማም። ክክ የጣደ ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ማየቱ አይቀርም፤ አስጎብኚዎች ይህን በመስህብነት አለማስመዝገባቸው ያስገርማል። ሽሮ ግን ተፈጭቶ ስለመጣ ከፍታውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በቆላም በደጋም የሚያሸንፈው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

በፓርኩ ውስጥ በነበረችው የግጭ መንደር ገብቶ ቡና መጠጣት ቀድሞ ይቻል ነበር፤ ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ያ በር ተዘግቷል። ቡይት ራስ ላይ፣ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአፍሪካ ከፍተኛው ሆቴል ነኝ የሚል ሎጅ አለ። ከፍታው ተለክቷል፤ ዋጋው ግን ከናሙናው በጀት በላይ ስለሆነ በሩቁ ታይቶ ታልፏል።

በመላው ጥናት ያዘዘውን ሳይጎድልበት ያገኘ ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮ። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው፤ ቁጭ ብሎ እየነጨ ይበላል፣ ሲጨርስ በመቀመጫው ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። «ምን አለ?» ሲል አልተሰማም።

ስለዚህ መንገደኛ ሆይ፣ ከተማ ስትደርስ ሜኑውን ዘግተህ ጎረቤትህ የሚበላውን አሳይና «እንደሱ» በል። ጠላ ካማረህ ጣሳውን ተከተል። ወደ ተራራው ስትወጣ ክኩን ትተህ የሽሮ ዱቄት፣ በሶና ቆሎ ደባርቅ ላይ ሸምት፤ ከዚያ ወዲያ ገበያ አትጠብቅ።