ፍየል ለሚሸጥ አገር ምን ሒሳብ?

የዋጓ ሰቆጣ ልጅ «ሁለተኛ ዲግሪዬን በፋይናንሺያል ኢንጂነሪንግ ልማር አስቤያለሁ» ካለ ተራቢው ይበዛበታል። እሱ ጨዋ ነው፤ ታላላቆቹን አክብሮ ዝም ይላል። እኔ ዝም አልልም።

«ፍየል ለሚሸጥ አገር ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል?»

ሒሳቡ ያለው እዚያው ፍየሉ ላይ ነው! ዝናብ ሲቀር የአበርገሌ ገበሬ ፍየሉን እየነዳ ገበያ ይወጣል። ጎረቤቱም ይወጣል፤ የዝቋላውም፣ የሰሃላውም። ሻጭ ሲበዛ ፍየል ይረክሳል፤ እህል ደግሞ በዚያው ሰሞን ሰማይ ይነካል። ሰውየው የሚሸጠው ረክሶበት፣ የሚገዛው ተወዶበት ባዶ እጁን ይገባል። ዕድር ያድነው እንዳትሉኝ፤ ዕድር አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ የሚያነሡበት ነው፤ ሁሉም ባንድ ክረምት ሲወድቅ ማን ማንን ያነሣል? በደጉ ቀን ለየብቻው የቆመ የሚመስል ሀብት በክፉ ቀን ተያይዞ የሚወድቅበትን መንገድ ማስላት የዚህ ትምህርት እምብርት ነው።

«አዋቂ የተባሉትስ በዚሁ ሒሳብ ከስረው የለም?»

ከስረዋል! ሮበርት ሜርተንና ማይረን ሾልስ በ1997 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ አጋር የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት በ1998 ተንኮታኮተና 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተው ደገፉት። ሩሲያ ዕዳዬን አልከፍልም ባለች ጊዜ፣ አብረው አይወድቁም ብለው ያሰሏቸው ንብረቶች አብረው ወደቁባቸው። የዋግ እናት ይህንን በድርቅ አይታዋለች። የቀራት ቀመሩ ነው፤ ልጇ ይማርላት።

«ዝናብ የእግዜር ነው፤ በዝናብ ማን ይዋዋላል?»

ተዋውለውበታል፤ ያውም በእኛው ዝናብ። በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ለተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ድርጅት 930 ሺህ ዶላር ዓረቦን ከፈለ። በኢትዮጵያ 26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ ክፉኛ ቢያንስ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀበል ነበር። ዝናቡ ደግ ሆነ፤ ክፍያውም ቀረ። በ2009 ደግሞ በጎረቤት ትግራይ፣ አዲ ሃ ላይ፣ 200 ያህል አባወራዎች ለጤፋቸው የዝናብ መድን ገቡ፤ ጥሬ ገንዘብ ያልነበረው ዓረቦኑን በጉልበቱ ሠርቶ ከፈለ። ውሉን ማርቀቅ፣ ዓረቦኑን መተመን፣ «ድርቅ ነው» የሚባልበትን ልክ መቁረጥ፦ ይህ ሁሉ የዚህ ሙያ ሥራ ነው።

«ዝናብ የሚለካው ጣቢያ ወይም ሳተላይት የኔን ማሳ በምን ያውቀዋል?»

ይቺ ተረብ ልክ ናት፤ እጅ እነሣላታለሁ። የዋግ ደጋና የተከዜ ቆላ ዝናባቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ ሸንተረር ርሶ ማዶው ደርቆ ይውላል። ልኬቱ «ዘንቧል» ሲል ማሳው የተቃጠለበት ገበሬ ዓረቦን ከፍሎ ምንም አያገኝም፤ ሁለተኛም አይገዛም። ይህንን ለማቃናት ቀመሩን ብቻ የሚያውቅ አይበቃም፤ አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ቀመሩን ይማር።

«ተምሮስ ሥራው የት አለ?»

እዚህ ላይ ልጁን አላታልለውም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ገና ጨቅላ ነው፤ መጽሐፉ የሚያስተምረው ውስብስብ ውል ሁሉ ነገ አዲስ አበባ ላይ አይሸጥም። ለጊዜው በሩ የባንኮች የሥጋት ክፍል፣ የመድን ድርጅቶችና የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ወፍራም ደመወዝ ብቻ አይቶ የሚገባ ያዝናል።

«ገንዘቡንስ ማን ሰጠው?»

ወርልድኳንት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሁለተኛ ዲግሪ በኢንተርኔት፣ ያለ ትምህርት ክፍያ ያስተምራል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፣ በሒሳብም ይፈትናል።

አሁን ለአንተው፣ ወንድሜ። ከማመልከትህ በፊት ፕሮባቢሊቲንና ሊኒየር አልጀብራን ከልስ፤ ፓይተን ተለማመድ። እነዚህ ካልጣሙህ አካውንቲንግም ክቡር ሙያ ነውና ወደዚያ ሂድ። ከጣሙህ ግን የተራቢን አፍ አትጠብቅ፤ ማመልከቻህን አስገባ።