የሳምንቱ የአየር ጠባይ፦ ከፍተኛው በጥላ ሥር ይለካል

ትንበያችን ከግንቦት 21 እስከ 27 ያለውን ሳምንት ይመለከታል። 20ው አልፏል፤ በዚያ ዕለት ስለ ነበረው ነጎድጓድ የሚጠይቀን ሰው እያነሰ በመምጣቱ አንመለስበትም። አገሩ ግንቦት በመጣ ቁጥር ወደ ላይ ማንጋጠጥ ለምዷልና እኛም እንደ ወትሮው ከላይ ወደ ታች እንተነብያለን።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያው በፈረንጅ ወር ስለሚቆጥር በልግ ግንቦት 23 ማታ ያበቃል፤ ክረምት ግንቦት 24 ጠዋት ይገባል። ርክክቡ ወረቀት ላይ በሰላም ይጠናቀቃል። ባሕረ ሐሳቡ ግን ጸደይን እስከ ሰኔ 25 ከቦታው አያነሣውም፤ ክረምትን የሚያስገባው ሰኔ 26 ነው። እንግዲህ አንድ ወር ያህል አገሩን ሁለት ወቅት ያስተዳድሩታል። የትኛውን ሰምቼ ልዝራ ለሚል ገበሬ መልሳችን አጭር ነው፦ ሁለቱም ዘር አያቀርቡም። እህሉ ሲደርስ ግን ሁለቱም «በእኔ ጊዜ የበቀለ ነው» ማለታቸው አይቀርም።

የሚጠበቀው ዝናብ ለመደበኛው የቀረበ ነው። መደበኛ ሲባል ደኅና ማለት የሚመስላቸው አሉ። መደበኛ የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ በዓለም አቀፉ ስምምነት አሁን የሚሠራበት ከታኅሣሥ 1983 እስከ ታኅሣሥ 2013 ያለው ነው። የዘነበበትም የደረቀበትም፣ ያለማውም ያጠፋውም ይደመርና ለ30 ይካፈላል። መደመሩ ላይ ሁሉም ገብቷል፤ ጣጣው ማካፈሉ ላይ ነው። ስለዚህ «ሁኔታው መደበኛ ነው» ሲባል ደንገጥ የሚል ሰው ብታዩ አትፍረዱበት፤ የማስታወስ ችሎታው ጥሩ ሆኖ ነው። የወቅቱ ትንበያ ደግሞ ሦስት በር አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለሦስቱም በመቶኛ ድርሻ ድርሻቸውን እንሰጣለን። ከሦስቱ አንዱ መሆኑ ስለማይቀር እስከ ዛሬ ተሳስተን አናውቅም።

ወደ ሙቀቱ እንለፍ። ከፍተኛው ከቀትር በኋላ ብቅ ይላል፤ ዝቅተኛው ሊነጋጋ ሲል ይመዘገባል። ልኬቱ የሚወሰደው ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ተደርጎ በተሠራ፣ ፀሐይ በማይነካው ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው። ደንቡ የዓለም ነው፤ ጥሩ ደንብም ነው። በሬ ጠምዶ ማሳ መሐል የቆመው፣ ዘንቢል ይዞ ገበያ መሐል የቆመው ሰው የሚቀምሰው ሙቀት ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለም። እርሱ «ተቃጠልኩ» ሲል ከሣጥኑ «27 ነው፤ አምናም 27 ነበር» የሚል መልስ ይመጣለታል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ አንዱ ጥላ ሥር ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ዳሎልማ ልኬት በተወሰደባቸው ዓመታት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ አልፎ ነበር። ዝቅ ያለ ቦታ በጥላም ያው ነው።

በየአካባቢው ያለው ሁኔታ እንደሚከተለው ነው።

ምዕራብ፦ ነፋሱ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። የተላከው ለአገሩ ሁሉ ነው። ኢሉባቦር ሲደርስ ግን ከፍታ ይገጥመዋል፤ ከፍታ የገጠመው ደመና ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሸክሙን ያራግፋል። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። የተረፈው ተራራ ባለበት ሁሉ እጅ እየነሣ ያልፋል። ምሥራቁን ቁልቁለት ወርዶ አፋር ሲደርስ ከሰላምታ በቀር የያዘው የለም፤ ሰመራ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ 250 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሳይንሱ ይህን «የዝናብ ጥላ» ይለዋል፤ ሌላ ስም ያወጡለትም አሉ። በዚህ ሳምንትም ተራራ ላለው ይዘንብለታል።

አዲስ አበባ፦ ከሰዓት በኋላ ደመና ይበዛል። ነፋሱ ኮሪደር ኮሪደሩን መርጦ ስለሚነፍስ መንገድ ዳር ያለ ቆርቆሮ ሁሉ ሚስማሩን ይፈትሽ። ነፋሱ ካለፈ በኋላ አካባቢው ያምራል፣ አየሩ ይጸዳል፣ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ ያደንቃል። ቆርቆሮው የት እንዳረፈ መከታተል ከትንበያችን ሽፋን ውጪ ነው።

ሰሜን ሸዋና ወሎ፦ ደጋው የበልግ ገብሱን ሊሰበስብ ሲዘጋጅ ነጎድጓድ ይሰማል። የሰማዩ ነው የሚለውን ግምት እናስቀድማለን።

ምሥራቅና ደቡብ፦ ጎዴና ቀላፎ ፀሐያማና ደረቅ ሆነው ይሰነብታሉ፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያም አለባቸው። ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። ዝናቡ የሚጥለው ባሌና አርሲ ከፍታ ላይ ነው፤ ዋቢ ሸበሌ ተሸክሞት ይወርዳል። ላይ «ተመስገን፣ ጥሩ ጣለ» ተብሎ ሲታደር ታች ያለው ሰው የቀሩትን ፍየሎች ይቆጥራል። ጠብታ ሳይወርድበት ተጥለቀለቀ፤ የወሰነበት ሰማይ ከራሱ ጣሪያ በላይ አይታይም። ቦረና ደግሞ ዋናው ዝናቡ በልግ ነው፤ ሌላው ክረምት ገባ ብሎ ሲፈነድቅ የእርሱ ይዘጋል። «ክረምቱ በመላ አገሪቱ በመልካም ሁኔታ ገብቷል» የሚለው መግለጫ ግን ለእርሱም ይነበብለታል።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚሉን ምንጊዜም ሩቅ ባሕር አናጣም። ከፍተኛው ግፊት የሚነሣው ከማዳጋስካር ማዶ፣ ከማስካሪን ደሴቶች አካባቢ ነው። ነፋስም ከከፍተኛው ግፊት ወደ ዝቅተኛው ይነፍሳል እንጂ ተገላብጦ አያውቅም። በ2007 ክረምት ሰላማዊ ውቅያኖስ ሞቀና እዚህ ደረቀ፤ በተከተለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የእርዳታ እህል ጠበቀ። ኤል ኒኞ ተብሎ ተመዘገበ፤ ትክክል ነው። ይሁንና ሰላማዊ ውቅያኖስ የጎተራ ቁልፍ ይዞ አያውቅም።

የሳምንቱ ጠቅላላ ሁኔታ በሁለት መስመር ሲጠቃለል፦

ደመናው ሲያገሳ መስሎኝ የሚያጠግብ፣
ካፊያ አላለፈም የዘንድሮ ዝናብ።

በመጨረሻም ምክር። ገበሬው ድግሚያውን ይቀጥል፤ የጠቆረ ሰማይ አይቶ ብቻ ዘሩን አይበትን፣ አፈሩን በእጁ ጨብጦ እርጥበቱን ይይ። አፈር አስተያየት አይሰጥም፤ ረጥቦ ከሆነ ረጥቧል። አርብቶ አደሩ ከወንዝ ዳር ፈቀቅ ይበል፤ ላይ ያሉት ሲደሰቱ ከሰማ ደግሞ አሁኑኑ ይነሣ። ሹፌሮች ማለዳ ጉም ስለሚኖር መብራት ያብሩ፤ ከፊታቸው የሚሄደው መንገዱን ያውቃል ብለው ብቻ አይከተሉ። የከተማው ነዋሪ ጃንጥላ መግዛት ካሰበ ዛሬ ይግዛ። ዋጋውም እንደ ደመናው እንዲንሳፈፍ ከተለቀቀ ወዲህ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ መሣሪያ የለንም።

ይህ ትንበያ እስከ ግንቦት 27 ድረስ ይጸናል። ለውጥ ቢኖር እናንተ በሚያፈሰው ጣሪያችሁ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛም መለኪያው ሲሞላ «አስቀድመን እንዳሳወቅነው» በሚል መግለጫ እናረጋግጥላችኋለን።