ዱቤ ለጌቶች

በልጅነቴ ቡና ልገዛ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ስላክ፣ ከሚዛኑ በላይ በካርቶን ላይ የተጻፈች ማስታወቂያ ትቀበለኝ ነበር፤ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ»። በማግስቱም ስሄድ እዚያው ናት። ባለ ሱቁ ለእናቴ ሲራራ ብቻ ጠርዙ የተበላ ደብተሩን ከባንኮኒው ስር ያወጣና፣ በሲባጎ በታሰረች እስክሪብቶ «ሩብ ኪሎ ቡና» ብሎ ይመዘግባል። ደሞዝ ወጥቶ ሦስት ቀን ካለፈ ግን ደብተሩን የሚያነበው ጮክ ብሎ ነበር።

ምስኪን! ኋላ ቀርነቱ የገባኝ አሁን፣ አሜሪካ ገብቼ ቤዝቦል ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

እስቲ የኒው ዮርክ ሜትስን ብልሃት እንይ። ቦቢ ቦኒያ የሚባል ተጫዋች ነበራቸው። በ1999 ዱላውን ይዞ ከቆመበት ከመቶ 16ቱን ብቻ ነው የመታው። ሊያሰናብቱት ቆረጡ፤ ግን ገና 5.9 ሚሊዮን ዶላር ይፈልግባቸዋል። እኔና እናንተ ብንሆን ከፍለን እንገላገላለን፤ ለዚህም ነው ቡድን የሌለን። እነሱ በ8 በመቶ ወለድ አሳደሩት። ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን 1,193,248 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፍሉታል። (ሃያ ሳንቲሟን ልብ በሉልኝ፤ ሒሳብ ሒሳብ ነው።) 5.9 የነበረው ዕዳ ተደምሮ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። ለምን ቢባል፣ ባለቤቶቹ ገንዘባቸውን ከ8 በመቶ በላይ የሚያተርፍላቸው አንድ ታማኝ ሰው ነበራቸው። ስሙ በርናርድ ማዶፍ ይባላል። በ2008 መጨረሻ በማጭበርበር ታሰረ።

ደጋፊው ጁላይ 1ን «የቦቢ ቦኒያ ቀን» ብሎ እንደ ታቦት ንግሥ በየዓመቱ ያስበዋል። የመጨረሻዋ ክፍያ ስትደርሰው ሰውዬው 72 ዓመቱ ይሆናል። ዕድሜ ይስጠው።

በቦኒያ የሚስቀው ሕዝብ ወደ ሎስ አንጀለስ ዞር ሲል ግን ባርኔጣውን ያወልቃል። ዶጀርስ በ2023 መጨረሻ ሾሄይ ኦታኒን በ700 ሚሊዮን ዶላር ለ10 ዓመት አስፈረሙት። በእጁ የሚገባው በዓመት 2 ሚሊዮን ነው። የቀረው 680 ሚሊዮን ከ2034 እስከ 2043 በየዓመቱ 68፣ 68 ሚሊዮን እየተባለ፣ ያውም ያለ ወለድ ይከፈለዋል። የደሞዝ ጣሪያ ላለፈ ቡድን የሚጣለው ቅጣት ሲሰላም በዓመት 70 ሳይሆን 46 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ይያዝባቸዋል። በተረፋቸው ሌሎች ኮከቦችን ሰበሰቡ፤ እነሱንም ከፊሉን በዱቤ። በ2024ም በ2025ም ዋንጫውን ወሰዱ። ሜትስ ሲያደርገው ጅልነት፣ ዶጀርስ ሲያደርጉት ጥበብ ነው። ደብተሩ ያው ነው፤ የተለየው ዋንጫው ብቻ።

እኛ ዋሽንግተኖችም ከማን አንሰን! ናሽናልስ ኳስ ወርዋሪውን ማክስ ሸርዘርን በ2015 በ210 ሚሊዮን ሲያስፈርሙት ግማሹን ለኋላ አሳደሩት። በ2021 እሱን ራሱን ለዶጀርስ በልዋጭ ሰጡት። ዕዳው ግን አብሮት አልሄደም፤ ከ2022 እስከ 2028 በዓመት 15 ሚሊዮን ይገፈግፉለታል። ሰውዬው ለሌላ ይወረውራል፣ እኛ እንከፍላለን። ከዚህ በላይ ቸርነት የት ይገኛል?

ይህ ጥበብ ተራውን ሰው እንዳይቀርበት ብዬ ባለፈው ጨዋታ ላይ ሞከርኩት። ስታዲየሙ አጠገብ መኪና ማቆሚያው በር ላይ ያገኘሁት የአገሬ ልጅ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን፤ ከዚያ «ወንድሜ፣ ዛሬ ሁለት ዶላር ልስጥህና የቀረውን ከ2034 ጀምሮ በየዓመቱ ልላክልህ» አልኩት። ወደ ኋላዬ አየ። የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ጀምረዋል።

«ጋሼ፣» አለኝ የካርድ ማሽኑን በመስኮቱ አስገብቶ፣ «ወይ ይክፈሉ፣ ወይ ያዙሩ።»