ዓባይ ሲታለብ

የፏፏቴ ፎቶ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ውኃው ውኃ መምሰል የለበትም። ወተት ይምሰል፣ ባዘቶ ይምሰል፣ የተሰጣ ነጠላ ይምሰል፤ ብቻ የሚፈስ ነገር እንዳይመስል። ይህን ጥበብ ላመሰግን ነው ብዕር ያነሣሁት።

መስከረም ላይ ወደ ጢስ እሳት ፏፏቴ ወርጄ ነበር። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓባይ ሞልቷል፤ አፈራችንን ተሸክሞ አተላ መስሏል። ከ40 ሜትር ገደማ ራሱን ሲወረውር ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ስም ያወጡለት ሰዎች ጢስ አሉ፣ እሳት አሉ። እርጎ ማለት እንዴት አልመጣላቸውም? ትራይፖድ ስላልነበራቸው ይሆናል።

አጠገቤ አንድ ወጣት ትራይፖዱን ጭቃው ላይ ተክሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ምን እየጠበቅህ ነው?»

«ብርሃኑ በዝቶብኝ ነው ጋሼ።»

ከቦርሳው እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ መስታወት አውጥቶ ሌንሱ ላይ ገጠመ። ኤንዲ ፊልተር ይሉታል፤ ይህኛው ከሺህ እጅ ብርሃን አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ልብ በሉ፤ በ1/8000 ሰከንድ ጠብታን አየር ላይ ቀጥ የሚያደርግ ካሜራ በስንት ብር ይገዛል፤ ከዚያ ሌላ ብር ወጥቶ ዓይኑ ይሸፈናል። ሻተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ሁለት ሰከንድ ጠበቅን። ፍንጣሪው ሌንሱን አጠበው፤ ልጁ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። እንደገና ሁለት ሰከንድ።

«እርስዎም ይቁሙና ላንሣዎት። ግን እንዳይተነፍሱ!»

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። ፎቶው ላይ ዓባይ ማኪያቶ ሆኗል። እኔ ጋቢዬን ንፋስ ስላወዛወዘው የሟች መንፈስ መስያለሁ። ሲገላበጥ በዓይናችን ያየነው ግንድ የለም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል የኖረ ወንዝ ግንዱንም ተቀማ።

የሚንቀሳቀስ ነገር ከፎቶ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የፎቶግራፍ ፋና ወጊው ፈረንሳዊ ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. የፓሪስን ጎዳና ሲያነሣ ሳህኑ ብርሃን ለመጠጣት ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበርና ሠረገላውም እግረኛውም ከፎቶው ጠፉ። የተረፉት ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰውዬና ሊስትሮው ናቸው። ዳጌር ምን ያድርግ፣ ቸግሮት ነው። የኛዎቹ ከፍለው ነው።

ጥበቡ በረከቱን የሚያሳየው ግን በበጋ ነው። ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ይጠለፋል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ጣና በለስም ዓባይ የሚወጣበትን የጣና ሐይቅ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይቀዳል። ሲሞላ እስከ 400 ሜትር በሚሰፋው ገደል ላይ ጥቂት ክሮች ይቀራሉ። አይዟችሁ፤ ቀርፋፋው ሻተር ክሯን አባዝቶ ጋቢ ያደርጋታል። ጎብኚው ፎቶውን አይቶ ይመጣል፤ ድንጋዩን አይቶ ይመለሳል። በስሙ የተነሣ ወንዙን በዋሾነት ስናማው ኖረናል፤ ለካ አባዩ ካሜራው ነው!

(በወረቀቱ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ጢስ እሳት እንኳ ውኃ ይመስል ነበር። ያውም በአንድ ብር።)

ልጁ ፎቶውን ላከልኝ፤ እኔም ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ትኩር ብላ አየችና «ይህን ሁሉ አንሶላ ማን አጥቦ ነው?» አለችኝ።

በመጪው መስከረም ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ወተቱን እንደ ልባችሁ እለቡ፤ አልከለክልም። ከማለባችሁ በፊት ግን ያን ጥቁር መስታወት አውልቃችሁ አንዲት ፎቶ በ1/1000 ሰከንድ አንሡልኝ። ግንዱን ማየት እፈልጋለሁ።