መጠየቁንስ ተማርን

በዚህ ዕድሜዬ ዋሽንግተን መጥቼ መንገድ መጠየቅ እንደ አዲስ እየተማርኩ ነው። «አባባ፣ ቤት ተዘግተህ ከምትውል» ብላ ትምህርት ያስገባችኝ ልጄ ናት። የልጅ ልጄ የምትሆን አስተማሪ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሃው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ላይብረሪ?» እያለች ሽማግሌ ሁሉ ታስጮሃለች።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጨዋ ነው። ቆሞ ይሰማል፣ «ጎ ስትሬት ቱ ብሎክስ፣ ተርን ሌፍት» ብሎ ረጋ አድርጎ ይመልሳል፣ ሲያመሰግኑት ፈገግ ይላል። ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? ውጭ ያለው ሁሉ ጆሮውን ደፍኖ ይሮጣል። አንዱ ቢቆምልህ እንኳ በአንድ ትንፋሽ ያን ሁሉ አዝንቦብህ «ኦኬ?» ይላል። «ኦኬ» እላለሁ። ምን ልበል?

ከተማዋ ራሷስ! ላንፋን የሚባል ፈረንሳዊ ነው አሉ በ1791 የነደፋት፣ በፈረንጆቹ። ከካፒቶል ተነሥታ አራት ቦታ ትከፈላለች። መንገዶቿ ወዲህ ቁጥር፣ ወዲያ ፊደል ናቸው። መልካም፣ ሁለቱንም ቆጥረናል። ግን ያው ቁጥር ከነፊደሉ እዚያኛውም ክፍል አለ! መጨረሻው ላይ «ኖርዝዌስት» ማለት ከረሳህ፣ ያንኑ አድራሻ ይዘህ የማታውቀው ሰው በር ታንኳኳለህ። ፊደሉም ቢሆን ጎደሎ ነው፤ ከአይ ቀጥሎ ኬ ነው፣ ጄ የሚባል መንገድ የለም። እኛ ሀሁ ላይ እንዲህ ብንዘል የኔታ በአለንጋ ነበር የሚያስታውሱን። ማሳቹሴትስ፣ ፔንሲልቫንያ የሚሏቸው ጎዳናዎች ደግሞ ሁሉን በሰያፍ ይሰነጥቁታል።

አራት ኪሎ ሱቅ በደረቴውን ብትጠይቀው ሰሜን ደቡብ አይልህም። «ሐውልቱን ያዩታል አባባ? እሱን ተሻግረው ቁልቁል ይውረዱ፤ ቅያሱ ላይ ከሰል የምትሸጥ ሴትዮ አለች፣ እሷን ይጠይቋት።» እሷ ደግሞ የማን እንግዳ እንደሆንክ ሳታጣራ አትለቅህም። አንዳንዱማ ሥራውን ትቶ እስከ በሩ ያደርስሃል። ባያውቀውም አላውቅም ብሎ አያሳፍርህም፤ አብሮህ ይጠፋል።

ባለፈው አንዱን የፓርኪንግ ሠራተኛ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብዬ ጀመርኩ። «አባባ፣ በአማርኛ ይሁንልዎ» አይለኝ መሰላችሁ! ደስ ብሎኝ ከቤንዚን ማደያው ከፍ ብሎ፣ አጥሩ ያዘመመ ግቢ አለፍ እንዳሉ፣ እያልኩ አስረዳው ጀመር።

ስልኩን አወጣ። «እሱን ይተዉት አባባ። ኖርዝዌስት ነው ኖርዝኢስት?»

ለዚህ ለዚህማ ፈረንጁ ምን አነሰኝ!